ልጄን ያተረፈው ውሻ የልጅ ልጄን ይነክስ ይሆን?

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር እናት ነኝ። ታናሹ ልጄ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከፈንጂ አነፍናፊ ውሻ ጋር ይሠራል። ሦስት ዓመት አብሮት የሠራው የቤልጅየም ማሊንዋ ዝርያ ውሻ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ወገቡንም ስለሚያመው በጡረታ ሊሰናበት ነው። ልጄ ‹ሕይወቴን አትርፎልኛል፣ አልጥለውም› ብሎ ሊወስደው ቆርጧል። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ለአንድ ዓመት ወደ ኮሪያ ስለሚላክ እስኪመለስ እኛ ዘንድ እንዲቆይ ይፈልጋል። ቤታችን ውስጥ የሦስት ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ ‹ሰው መንከስ የተማረ ውሻ ትምህርቱን አይረሳም፤ ደግሞስ መንግሥት ሥራቸውን ሲጨርሱ ይገድላቸው የለም ወይ› ይላል። ልጄ ደግሞ ‹ታማኝ ነው፣ የእኔን ቤተሰብ አይነካም› ይለኛል። ማንን ልስማ? ጋራዥ ውስጥ ብናስረውስ? ዓመት ሙሉ ከተለየውስ ልጄን አይረሳውም?»

መልስ፦ በዚህ እቅድ ውሻውን አይረከቡ። ልጅዎ ስለ ውሻው ታማኝነት የሚናገረው እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ትክክል አይደለም። ባለቤትዎ ስለ መግደሉ የሚሉት ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ስለ ልጅቱ መፍራታቸው ግን መሠረት አለው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እየተባልን ስላደግን የውሻ ታማኝነት ከቁራሽ እንጀራ የሚመነጭ ይመስለናል። የጦር ውሻ አሠለጣጠን ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ጦር ውሾቹን የሚያሠለጥነው ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ በላክላንድ የአየር ኃይል ሠፈር በሚገኘው 341ኛው የሥልጠና ስኳድሮን ነው። እዚያ የውሻው ደመወዝ ምግብ ሳይሆን የጎማ መጫወቻ ነው። የፈንጂ ሽታ ያለበት ዕቃ ይደበቅለታል፤ አሽትቶ ሲያገኘው ቁጭ ይላል፤ ቁጭ ባለበት ቅጽበት መጫወቻው ይወረወርለታል። ቁጭ እንዲል የሚደረገው ፈንጂን በጥፍር መቧጨር ሊያፈነዳው ስለሚችል ነው። ይህ ቁጥር ስፍር የሌለው ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ ውሻው ቦምብ ሲፈልግ የዋለ አይምሰልዎት፤ ሲፈልግ የዋለው ኳሱን፣ ከኳሱም ጋር የሚመጣውን የዚያን ሰው ደስታ ነው። አገር፣ ባንዲራ፣ ግዳጅ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ የዚያን ሰው ድምፅ፣ አረማመድ፣ የላብ ሽታ፣ ገመዱን ሲይዝ የእጁን ክብደት ሳይቀር ያውቃል።

ይህን ስል ታማኝነቱን ማሳነሴ አይደለም። በ2011 በአፍጋኒስታን ሄልማንድ ግዛት የብሪታንያ ጦር ባልደረባ የነበረው ሊያም ታስከር ቲዮ ከተባለው ስፓንየል ውሻው ጋር ይሠራ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ሁለቱ 14 ጊዜ የተደበቀ ፈንጂና መሣሪያ አግኝተዋል። ማርች 1 ቀን ታስከር በጥይት ተመትቶ ሞተ። ቲዮ ወደ ሠፈር በተመለሰ በሰዓታት ውስጥ ሰውነቱን መንቀጥቀጥ ይዞት እሱም ሞተ። በዓመቱ ብሪታንያ ውስጥ ለእንስሳት ጀግንነት የሚሰጠው የዲክን ሜዳልያ ተሰጠው። ብዙ ሰው «ልቡ ተሰብሮ ነው» አለ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንሁ በሞት ወረቀት ላይ «ሐዘን» ብዬ አልጽፍም፤ መንቀጥቀጥ አካላዊ መነሻ አለው። ያን ቀን በዚያ ትንሽ ሰውነት ላይ የወረደውን ጭንቀት ግን አቅልዬ አላየውም፤ ማንም እንዲያቀልለው አልፈልግም።

ሌላም የሚታረም ነገር አለ። ከሬሳ ሣጥን ፊት ተዘርግቶ የተኛ ላብራዶር ፎቶ «የጦር ውሻ ጌታውን ሲሰናበት» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ያ ውሻ ሃውክአይ ይባላል፤ የጦር ውሻ አልነበረም። በኦገስት 2011 አፍጋኒስታን ውስጥ ሄሊኮፕተራቸው ተመትቶ ካለቁት 38 ሰዎች አንዱ የነበረው የባሕር ኃይል ኮማንዶ የጆን ተምልሰን የቤት ውሻ ነው፤ ፎቶው የተነሣውም በትውልድ ከተማው በሮክፎርድ፣ አይዋ ነው። በዚያው ሄሊኮፕተር ውስጥ አንድ የጦር ውሻም አብሮ ሞቷል፤ እሱን የሚያነሣ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህን ያመጣሁት ፎቶውን ለማራከስ አይደለም። ሃውክአይ ምንም ወታደራዊ ሥልጠና ሳይኖረው እንደዚያ ከሆነ ታማኝነቱን የሰጠው ሥልጠናው አይደለም ማለት ነው። ሥልጠና የሚሰጠው ችሎታ ነው። ታማኝነት የሚያድገው በውሻውና በአንድ ሰው መካከል፣ አብሮ በመዋልና አብሮ በማደር ነው። የልጅዎ ውሻ ለልጅዎ ታማኝ ነው። ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጅቱ ግን እስካሁን ምንም አይደለም፤ አታውቁትም፣ አያውቃችሁም። «የእኔን ቤተሰብ አይነካም» የሚለው አባባል ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ውሻው ዝምድና አይቆጥርም።

አሁን ወደ ልጅቱ። ሰዎች የሚፈሩት ውሻው በክፋት እንዳይነሣባት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ኳስ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ኳስ ይዛ እየጮኸች በሳሎኑ ውስጥ ትሮጣለች። ለዚህ ውሻ ኳስ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ደመወዙ ነው፤ እየሮጠ የሚሸሽ ነገር ደግሞ እንዲያባርር የተማረው ነው። በፍጥነት ሲነጥቃት ትንሿ እጅ ከኳሱ ጋር አፉ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ሁለተኛው የወገቡ ሕመም ነው። በትላልቅ የሥራ ውሾች ዘንድ የወገብ የመጨረሻ አጥንቶች እየተበላሹ ነርቭ ሲጫኑ በብዛት እናያለን፤ መኪና ላይ መዝለል ያቅተዋል፣ የኋላ ጥፍሩ መሬት እየተጎተተ ይላላጣል፣ ከጭራው ሥር ሲነኩት ይደነግጣል። ልጆች ደግሞ ውሻን የሚያቅፉት ከላይ ተደግፈው ነው። የሚያመው ውሻ ቢታመን እንኳ ሕመሙ አይታመንም። ሦስተኛው የእኛ የቤት ልማድ ነው። እንግዳ ሲመጣ በር ከፍተን እጃችንን ዘርግተን እንተቃቀፋለን፣ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፣ ሳቅና ጩኸት አለ። የተዘረጋ ክንድ እንዲይዝ የተማረ ውሻ ይህ ሰላምታ መሆኑን የሚማረው ከሚያምነው ሰው ጋር ሆኖ በዝግታ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ኮሪያ ነው።

በነገራችን ላይ የጦር ውሻ ሁሉ አይነክስም። ፈንጂ ብቻ የሚያነፈንፉ ላብራዶሮችና ስፓንየሎች አሉ፤ እነዚህ ሰው እንዲይዙ አልተማሩም። ማሊንዋና የጀርመን እረኛ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ሥራ ይማራሉ። የልጅዎ ውሻ የትኛው እንደሆነ መዝገቡ ላይ ስላለ ልጅዎን በግልጽ ይጠይቁት። በላክላንድ ማዕከል ጡረተኛ ውሻ ለመውሰድ የሚያመለክቱ ሰዎች ሲጠየቁ ከኖሩት ነገሮች መካከል በቤታቸው ከ5 ዓመት በታች ልጅ አለመኖሩ፣ ግቢያቸው 6 ጫማ አጥር ያለው መሆኑና ውሻቸውን የሚያይ የእንስሳት ሐኪም መያዛቸው ይገኛሉ። ውሾቹን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች ይህን የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ያለችበት ቤት ያለ ያዡ፣ ማለትም አብሮት የሠራው ወታደር ሳይኖር፣ ለእሱ የሚሆን ቦታ አይደለም።

ባለቤትዎ «ይገድሏቸዋል» ያሉት ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ከአሜሪካ ጦር ጋር ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾች ተሰልፈው ወደ አገራቸው የተመለሱት 200 ያህል ብቻ ናቸው። በመዝገብ ላይ የተያዙት እንደ ዕቃ ነበር፤ ጦሩ ሲወጣ እንደ ዕቃ ተተው፤ ብዙዎቹ ተገደሉ፣ ሌሎቹ ለደቡብ ቬትናም ጦር ተሰጡ። ከነዚያ ውሾች ጋር ሌሊት በጫካ ሲጓዙ ያደሩ ወጣቶች ሽማግሌ ሆነው እንኳ ይህን ሲያነሡ ድምፃቸው ይቆረጣል። በአማርኛ ደመ ከልብ የሚባለው አገላለጽ ቃል በቃል የተፈጸመው በነሱ ላይ ነው። ሕጉ የተለወጠው በኖቬምበር 2000 ነው፤ ሮቢ በተባለ ማሊንዋ ስም የሚጠራው ሕግ ጡረተኛ የጦር ውሾች ለቀድሞ ያዦቻቸውና ለሌሎች ብቁ ሰዎች እንዲሰጡ ፈቀደ። ሮቢ ራሱ አልደረሰበትም። ያዡ ሊወስደው ሲለምን ቆይቶ ሕጉ በጸደቀ በሁለት ወሩ በሕመሙ ምክንያት እንዲሞት ተደረገ። በ2015 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ ደግሞ ለቀድሞ ያዦች ቅድሚያ ሰጠ። እንግዲህ ዛሬ ጤናውና ጠባዩ የሚፈቅድ ውሻ ቤት ያገኛል። ከመሰናበቱ በፊት ጠባዩ ይፈተናል፣ ሐኪም ያየዋል፣ አዛዡ ለሰው መሰጠት ይችላል ወይ የሚለውን ይወስናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ከተረከባችሁት በኋላ ውሻው ለሚያደርሰው ጉዳት መንግሥት ተጠያቂ አይሆንም፤ ሕጉ ላይ ተጽፏል።

«መንከስ የተማረ አይረሳም» ለሚለውም መልስ አለው፣ ግን ቀላል አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹ የአሜሪካ ጦር ውሾች ቤተሰቦች ከቤታቸው የሰጧቸው ነበሩ። ቺፕስ የሚባለው የአንድ የፕሌዘንትቪል፣ ኒው ዮርክ ቤተሰብ ውሻ በጁላይ 1943 ሲሲሊ ሲወርዱ ከያዡ እጅ አምልጦ መትረየስ የተጠመደበት ምሽግ ውስጥ ገባ፤ ቆስሎ ነበር፣ ተኳሾቹ ግን እጅ ሰጥተው ወጡ። የጀግንነት ሜዳልያ ተሰጥቶት እንስሳ አይሸለምም ተብሎ ተነጠቀ። በኋላ ጄኔራል አይዘንሃወር ሊያሻሸው ጎንበስ ሲል ነከሰው። ይኸው ውሻ ጦርነቱ ሲያበቃ እንደገና ሠልጥኖ በዲሴምበር 1945 ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ከልጆች ጋር ኖረ። ሁለቱን አንድ ላይ ይያዙልኝ፦ በፍቅር የቀረበን ጄኔራል ነክሷል፣ ወደ ቤቱም ገብቶ ኖሯል። የተመለሰው ግን ቡችላ ሳለ ወዳደገበት፣ የእያንዳንዱን ሰው ሽታ ወደሚያውቅበት ቤት ነው። የልጅዎ ውሻ እንዲህ ያለ ቤት ኖሮት አያውቅም፤ ዕድሜውን ያሳለፈው ሲሚንቶ ወለል ባለው የውሻ ክፍል ውስጥ ነው። ደረጃ፣ ምንጣፍ፣ የልብስ ማጠቢያ ድምፅ፣ የጀበና ጢስ ሁሉ ለእሱ አዲስ ነው።

ምን ዓይነት ፍጡር እንደሚረከቡ እንዲገባዎት ክሊኒኬ ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎት። አንድ ጡረተኛ ማሊንዋ ከቀድሞ ያዡ ጋር መጣ፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ግራ ጆሮውን ገልበጥ አድርጌ የተነቀሰውን አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር አነበብሁ። ሁለቱ ረጃጅም ጥርሶቹ በብረት ተሸፍነዋል፤ ሰዎች ይህን ሲያዩ ለመግደያ የተተከለ ይመስላቸዋል፣ እውነቱ ግን የውሻ ክፍሉን ሽቦ ሲያኝክ ያለቀ ጥርስ የተጠገነ መሆኑ ነው። ገመዱን ስንፈታለት ወደ እኛ አልመጣም። የክፍሉን ግድግዳ ሥር ለሥር እየተከተለ፣ ከበሩ ጀምሮ፣ መሳቢያዎቹን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ የረዳቴን ቦርሳ አንድ በአንድ አሸተተ። የኋላ እግሮቹ እየተንገዳገዱ ነበር። ዞሮ ዞሮ ምንም ሳያገኝ ሲጨርስ ወደ ሰውየው ሄዶ ጎኑን ከጉልበቱ ጋር አስደግፎ ቆመ። ሰውየው በዝምታ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ያረጀ ጎማ አወጣለት። ማንም አላዘዘውም፤ እሱ ግን ሥራውን ሳይጨርስ አያርፍም። ይህን ውሻ ጋራዥ ውስጥ ማሰር ምን እንደሚያደርገው አሁን የሚገባዎት ይመስለኛል።

ጋራዡ አይሆንም። ውሻ ከቤት ውጭ፣ በግቢ እንዲያድር የለመድን ሰዎች ነን፤ ብዙዎቻችን ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውሻ ሲገባ ይከብደናል፣ በዚህ አልከራከርዎትም። የሜሪላንድ ክረምት ግን ለታመመ ወገብ አይሆንም፤ ሥራ የለመደ ውሻ ብቻውን ሲታሰር ደግሞ ቆዳው እስኪላጥ እግሩን ይልሳል፣ በር ያኝካል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ውሾች ደግሞ ከየ100ው ወደ 5 የሚሆኑት የጦርነት የመንፈስ ጭንቀት እንደሚታይባቸው የላክላንድ ሐኪሞች ከ2010 ገደማ ጀምሮ ሲናገሩ ቆይተዋል፤ በድንገተኛ ድምፅ አልጋ ሥር ይገባሉ ወይም የሚያውቁትን ሰው ያጠቃሉ። በጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ ይህ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወፍራም ፍራሽና የሚዘጋ በር ይበቃዋል፤ የጸሎቱ ክፍል ተዘግቶ ይቆይ።

ምግቡን በተመለከተ የእኛ ማእድ ለውሻ አደገኛ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው ማለት ይቻላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፣ የቡና አተላ ልብ ያስደነግጣል፣ ዘቢብ ኩላሊት ያበላሻል። እንግዳ በፍቅር የሚጥልለትን ጉርሻ የሚከለክል ሰው ያስፈልጋል። ክብደት ከጨመረ ወገቡ ወዲያው ይወድቃል።

ልጅዎን ይረሳዋል ወይ ላሉት፦ አይረሳውም። ውሻ ሰውን በዋነኝነት የሚያስታውሰው በሽታ ነው፤ አንድ ዓመት ለዚህ ምንም አይደለም። ልጅዎ ይህን ፈርቶ ከሆነ የሚቸኩለው ይረጋጋ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ልጅዎ በዚህ ሳምንት ለውሻ ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክት፤ የቀድሞ ያዥ በመሆኑ ቅድሚያ እንዳለው፣ መውሰድ እንደሚፈልግ፣ አሁን ግን ቤቱ ለውሻው ዝግጁ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስንብቱ እስኪመለስ ይዘገይ እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ ይህ በአዛዡ ፈቃድ የሚወሰን ስለሆነ አይተማመኑበት። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ከልጅዎ በፊት ይህን ውሻ የያዘ ሌላ ወታደር መፈለግ ነው። የጦር ውሻ በሥራ ዘመኑ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ያዥ ይኖረዋል፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ውሻ ከልጅዎ በፊት ያወቀው ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ልጅ የሌለበት ቤት ካለው ይውሰደው፤ ለዘለቄታው ቢያስቀረው እንኳ ልጅዎ አልከዳውም። የሚያሳዝን ቢሆንም ዘጠኝ ዓመት የሞላው ማሊንዋ የቀሩት ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ አንዱን ጋራዥ ውስጥ እንዲያባክን አይገባም።

ልጅዎ ከኮሪያ ተመልሶ ውሻው አሁንም የሚጠብቅ ከሆነና እሱ ራሱ ቢያንስ ሦስት ወር በአንድ ጣራ ሥር አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ግን ውሰዱት፤ ያኔ እኔም ደስ ብሎኝ እመክራችኋለሁ። ልጅቱም አራት ዓመት አልፏታል፤ ያኔም ቢሆን ከውሻው ጋር ለደቂቃ ብቻዋን አትተዋት፣ ኳስ የሚባል ነገር ሁሉ ከወለል ይነሣ፣ እንግዳ ሲመጣ ውሻው ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ በፊት የቤት መድን ድርጅታችሁን ስለ ዝርያው ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ እንዲህ ያለውን ውሻ አይሸፍኑም። ውሻውን መረከብ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ከተረከቡት ቀን ጀምሮ ያለው የሕክምና ወጪ ግን የእናንተ ነው፣ ለወገብ ሕመም ደግሞ ወጪው ቀላል አይደለም።

ልጅዎ የሕክምና መዝገቡን ሙሉ ቅጂ ዛሬውኑ ይጠይቅ። የወገቡ ራጅ፣ የሚወስደው የሕመም ማስታገሻ መጠን፣ ጨጓራው እንዳይጠማዘዝ በቀዶ ሕክምና የተሰፋ መሆኑ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ከመሄዱም በፊት ለብሶት የዋለውን ሸሚዝ ሳያጥብ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ውሻውን ለሚወስደው ሰው ይስጠው። የመጀመሪያዋን ሌሊት በአዲሱ ፍራሽ ላይ እንዲያነጥፉለት ይንገራቸው።